«እረፊ» ያላት ማሽን

ሳኡሙ በሞምባሳ ዓሣ ገበያ ፍላሹን በዓሣ ሆድ ደብቃ ለመስዑድ አቀበለች።

«ትኩስ ነው?»

«ማለዳ የወጣ።»

የይለፍ ቃላቸው ይህ ነበር። መስዑድ የመንግሥት ሰላይ፣ የእሷም አለቃ ነው። በእሱ ዘንድ የምስጢር ስሟ «ንጉሩ» ነው፤ የዓሣ ስም። የሕክምና ማሽን በሚሠራው ኩባንያ ውስጥ ግን በተርጓሚነት ተደብቃ ከርማለች።

ፍላሹ ኩባንያው የደበቀውን የሙከራ ውጤት ይዟል። እርጉዝ ሴት «የደም ግፊት አለኝ» ብላ በእንግሊዝኛ ስትጽፍለት፣ ማሽኑ «ሆስፒታል ሩጪ» ይላል። በባሕር ጠረፉ ስዋሂሊ «ፕሬሻ አለኝ» ስትል ግን ጭንቀት ይመስለዋል። እዚህ ፕሬሻ የደም ግፊት መሆኑን ሕፃን ያውቃል።

የሳኡሙን እርጉዝ እህት ምዋናሻንም «እረፊ» አላት።

አረፈች። ከነጽንሷ ተቀበረች።

«ሌላ ቅጂ አለሽ?» አለ መስዑድ።

እንዲህ ጠይቋት አያውቅም።

«የለም፣ ምዜ» አለች፣ እንደ ሽማግሌ አክብራ።

ሽማግሌው ፈገግ አለ። ዓሣውን ይዞ ሄደና ጥግ ላይ ለቆመው የኩባንያው ጥበቃ ሹም ሰጠው።

ተሸጣለች።

ሁለት የሹሙ ጎረምሶች መጡባት። የኦክቶፐስ ሻጯን ጠረጴዛ ገለበጠችባቸው።

«እናንተ ጉማሬዎች!» ጮኸች ሻጯ በጎረምሶቹ ላይ። «ዓይን የተሰጣችሁ ለጌጥ ነው?»

ሳኡሙ ጥቁር ቡይቡይ በለበሱት ሴቶች መሃል ጠፋች። ከከተማው ግን አልሸሸችም። ማሽኑ በባሕር ጠረፉ ክሊኒኮች ሁሉ እንዲገባ ውል ሊፈረም ነው፤ ዛሬ በኩባንያው አዳራሽ፣ በእንግዶች ፊት ማሽኑ ላይ የምትተይበውም እሷ ናት።

አዳራሹ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ሙቱሪ ሲያያት ደነገጠ። በሹማምንት ፊት ግን ምን ያድርግ?

ያስጠኗትን ጥያቄ ትታ በስዋሂሊ ጻፈች።

«ፕሬሻ አለኝ። እርጉዝ ነኝ። ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።»

ትልቁ ስክሪን መለሰ፦ «አይዞሽ። ሐሳብ በዝቶብሽ ነው። እረፊ።»



«ምን አለ?» አሉ ቢ ዙሁራ፣ የጤና ኃላፊዋ። አዋላጅ ነበሩ። «ይህን ነገር እናት አልወለደችውም እንዴ?»

«ልጅቷ አበላሽታው ነው!» አለ ሙቱሪ።

«እንግዲያው አንተ ጻፍለት» አሉት ኃላፊዋ።

ሙቱሪ ከኪቦርዱ ራቀ።

ቢ ዙሁራ እስክሪብቶአቸውን ከደኑ። «አልፈርምም።»

መስዑድ በር ላይ ጠበቃት። «ሌባ አስብልሻለሁ። እናትሽ እንኳ ታፍርብሻለች።»

«በል! አፉ የራስህ ነው» አለችው። አንቱታውም እዚያው ቀረ።

በወጥ ቤቱ በኩል ወጣች።

እንደ ዛተውም አደረገ። እናቷ ሌባ ወለድኩ ብላ ደረቷን መታች። ሳኡሙ ሰማች፤ መደበቂያዋ እንዳይታወቅ እውነቱን ልትልክላት አልቻለችም።

አሁን ከድንበሩ ማዶ፣ ታንጋ ውስጥ፣ ስሟን የማትናገር፣ ኮኮናት የምትፍቅ አንዲት ሴት አለች። የሰፈሩ እርጉዝ ራሴን ካለች፣ ሥራዋን ጥላ ሆስፒታል ታደርሳታለች። ዘበኛ ቢከለክላት ትገፈትረዋለች።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ይሏታል የሆስፒታሉ ሰዎች።

«ጎረቤት።»