ያልታረቁት ዐሥራ አንድ ረድፎች

ሰብለ የቀሩትን ረድፎች ደግማ ቆጠረች። ዐሥራ አንድ ናቸው። የተገናኘውን ሁሉ አረንጓዴ ስትቀባ እነዚህ ብቻ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት መልስ ቡሬ ገበያ አጠገብ ባለው የአክስቷ የካሰች እህል መደብር ተቀምጣ በላፕቶፕ ሁለት የኤክሴል ሠንጠረዦች ስታስታርቅ ነበር። አንዱ የመደብሩ መዝገብ ነው፤ ሌላው ባንኩ የላከው የዓመቱ የሂሳብ ዝርዝር። ካሰች ብድር ጠይቃ፣ ባንኩ መጀመሪያ ሁለቱ ሂሳቦች ይገናኙ ብሏታል። ሥራው አንዳንዴ ይደብራል። መደብሩ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ባንኩ በፈረንጅ፤ የመደብሩ ጥር 3 የባንኩ ጃንዋሪ 11 ነው። የበርበሬ ነጋዴው የመንበሩ ስም በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ይመጣል። ቢሆንም ሰብለ ኮርታበት ነበር። ካሰች ይህን ያህል አምናት አታውቅም።

ነጮቹን አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከአንድ ወር በቀር በየወሩ ስምንት መቶ ብር፣ አንዳንዴ ሺህ። ሁሉም ከሽንዲ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው። መመዝገብ የተረሳ ደንበኛ መስሏት ስሙን ፊደል በፊደል አነበበችው። ባምላኩ አድማሴ ይላል።

የእሷ የተማሪ መታወቂያ ላይ ሰብለ ባምላኩ አድማሴ ተብሎ ተጽፏል።

ሞክሼ ይሆናል ብላ ራሷን አረጋጋች። ከዚያ የክፍያ ምክንያት የሚለውን ዐምድ አየች። «ለሰብለ»። «ለሰብለ ደብተር»። ኅዳር ላይ ደግሞ «ለሰብለ ጫማ»።

ኅዳርን አልረሳችውም። የጫማዋ ሶል ተገንጥሎባት በማስቲሽ እያጣበቀች ነበር የምትሄደው። ካሰች አይታት፣ አባትሽ ቢያስብልሽ ኖሮ እንዲህ አትሆኚም ነበር አለቻት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ስድስት ዓመት የሰማችው ይህንኑ ነው፤ ነቀምትን አልፎ ሄዷል፣ ሌላ ትዳር ይዟል፣ ስምሽንም አያነሳም። ሰብለ ይህን ቃል አምና ጠልታው ኖራለች። ሰውየው ለካ ሽንዲ ነበር፤ በጠዋት ሄደው ለምሳ በሚመለሱበት አገር። ከዚህ ዓመት በፊት ስንት እንዲህ ያለ ረድፍ እንደነበረ ለማሰብ አልደፈረችም።

ካሰች ከገበያ ገብታ ሂሳቡ ታረቀ ወይ ስትል፣ ሰብለ ረድፎቹን አንድ በአንድ አነበበችላት። ካሰች እንግሊዝኛ አታነብም፤ ባንኩ ከብሩ ሌላ ስም ይጽፋል ብላም አልጠረጠረችም። ሰብለ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ካሰች ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ይበቃል፣ ተይው።»

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን አይመጣም? እርስዎ ምን ብለውት ነው?»

ካሰች ወደ መሬት አቀረቀረች። «ልታይህ አትፈልግም ብዬ ላክሁበት። ይወስድሻል ብዬ ፈራሁ፤ ከእህቴ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ብሩም ከመደብሩ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ሥራ ላይ መዋሉን፣ ያጎደለችባት ነገር ግን እንደሌለ ነገረቻት። ሰብለ «ለሰብለ ጫማ» የሚለውን ረድፍ እንደገና አየችው። ቀጥላ ካሰች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እነዚያን ረድፎች ሰርዘሻቸው ሂሳቡ ቢገናኝስ አለቻት።

«እኔ ብሰርዛቸውም ባንኩ ጋ አሉ» አለች ሰብለ። ስድስት ዓመት አንድን ሰው የጠላችው በሌላ ሰው ቃል ነው፤ ያንን ቃል የሰጠቻት ደግሞ ስትታመም አብራት ያደረች፣ ፀጉሯን የሠራች አክስቷ ናት። ለማን እንደምታለቅስ ጠፋት።

ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለሰች በመደብሩ መዝገብ ላይ ዐሥራ አንድ አዲስ ረድፍ ጨመረች። በእያንዳንዱ አንጻር «ከባምላኩ አድማሴ፣ ለልጁ» ብላ በአማርኛ ጻፈች። ካሰች ከኋላዋ ቆማ አነበበችው፤ አላስቆመቻትም። የመጨረሻው ረድፍ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱ ድምሮች እስከ ሳንቲሙ እኩል መጡ።

«ቅዳሜ ሽንዲ እሄዳለሁ» አለች ሰብለ።

ካሰች የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለችና እየፈታች፣ ትመለሻለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ሰብለ ላፕቶፑን ዘግታ ቦርሳዋን አነገተች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ሰኞ ፈተና አለኝ።»