ቀትር ላይ ለተረቱ የመለሰው ልጅ

እኔ ጋኔን ምናምን ሲባል የምስቅ ሴትዮ ነኝ፣ ይኼን መጀመሪያ ያዙልኝ። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤት «ደረጃው ላይ ጥላ አየሁ» ሲል «አምፖሉን ቀይሩት» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ፣ አሁንም ቢሆን በማላውቀው ነገር አልምልም፣ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን አልሰማሁም ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል።

ነገሩ የመጣው በፖድካስት ነው። አትሳቁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ ማንበብ ስጀምር ዓይኔ ቶሎ ይደክማል፣ ጆሮዬ ግን አይደክምም፣ ስለዚህ ልጄ ሜሮን እኔ ጋ ልትወልድ በመጣች ጊዜ «እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ከምታወሪ» ብላ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፣ የትኛው የት እንዳለም በሥዕሉ አስጠናችኝ። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ። ቤት የምትውሉ ካላችሁ የሐኪሟን ፖድካስት ስሙ፣ ሥዕሉ ላይ ነጭ ጋወን የለበሰችውን፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ልጅ ትኩሳት እንደ እህት አጠገባችሁ ቁጭ ብላ ነው የምታስረዳው፣ እኔ ወልጄ አሳድጌም ያላወቅሁትን ከሷ ነው የተማርኩት። ጠበቃውም ትንሽ ይንዛዛል እንጂ የኪራይ ውል በሉት ውርስ፣ ሁሉንም እኛ በሚገባን አፍ ነው የሚፈታው። መሳቅ ካማራችሁ ደግሞ ስለ ታክሲ ሰልፍ የሚያወሩ ሁለት ጓደኛሞች አሉ፣ አፋቸው ይባልጋል፣ ልጅ ባለበት አትክፈቱት፣ እኔ ግን ከሰንጋ ተራ በታክሲ ስመለስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ብቻዬን ስንከተከት ረዳቱ «ማዘር፣ ሰላም ነው?» ብሎኛል።

ሌላው ተረት የሚያወሩት ሽማግሌ ናቸው። እንደ ድሮው «ተረት ተረት» ይሉና ዝም ይላሉ፣ አድማጩ «የላም በረት» እንዲል ቦታ መተዋቸው ነው፣ እኔም ስልክ መሆኑን እያወቅሁ እመልሳለሁ፣ ትልቅ ሰው ተናግሮ ዝም ማለት ነውር ይመስለኛል።

እንግዲህ ያን ጊዜ ሜሮን ወሯ ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አስወርዷታል፣ ስለዚህ ይኼኛውን ሆዷን እኔ እንደ እንቁላል ነበር የምጠብቀው፣ ስታስነጥስ እንኳ እደነግጣለሁ። የዚያን ዕለት ከባሏ ጋር ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች፣ እኔ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ለአራስ ገንፎ የሚሆነውን ገብስ እለቅማለሁ፣ ስልኬ ድምፁ ጎላ እንዲል ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ግቢው ጭር ብሏል። ሽማግሌው «ተረት ተረት» አሉ፣ እኔም «የላም በረት» አልኩ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ አብሮኝ የመለሰ መሰለኝ። የብርጭቆው ማስተጋባት ነው ብዬ ተውኩት። ተረቱ የአህያና የጅብ ነበር፣ አህያዋ ጅቡን የምታሞኝበት ቦታ ሲደርሱ ከመኝታ ቤት አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። የጎረቤቴ የዘይነባ ልጆች ናቸው አልኩ፣ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ወዲያው ግን የሜሮን አልጋ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አለ፣ ልጅ ሲዘልበት እንደሚለው።

ያኔም አልፈራሁም፣ እንደውም ልፈትነው አልኩ። ያኛው ተረት አልቆ ሽማግሌው ሌላ ሲጀምሩ አፌን በእጄ ያዝኩ። «ተረት ተረት» አሉ። እኔ ዝም። ከመኝታ ቤት፣ ጥርት ባለ የልጅ አፍ፣ «የላም በረት!»

ስልኩን አጠፋሁት። ጸጥ አለ፣ ገብሱ ከሰፌዱ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ከዚያ ከውስጥ፣ እንዳኮረፈ ልጅ ሆኖ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ።

በስመ አብ ብዬ ገባሁ፣ በየትኛው እግሬ እንደገባሁ አትጠይቁኝ። ማንም የለም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ዝግ ነው፣ አልጋውም እንዳነጠፍኩት ነው፣ እጄን ሳሳርፍበት ግን መሃሉ ላይ ትንሽዬ ቦታ ሞቃለች፣ ሰው አሁን የተነሣባት ይመስል።

ሮጬ የዘይነባን በር ደበደብኩ።

«ምነው የሜሮን እናት፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ልጆችሽ ቤት አሉ እንዴ?»

«በዚህ ሰዓት? ትምህርት ቤት ናቸው እንጂ!» የሆነውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ደግሞ ቀትር ላይ ተረት ይከፈታል? እናቴ ብትሰማሽ በጥፊ ነበር የምትልሽ! ተረት የማታ ነው፣ በቀትር የተጠራውም ያልተጠራውም ይሰማል ትል ነበር።»

«ሂጂ ወዲያ፣ አንቺና እናትሽ!» ብዬ ሳቅሁባት፣ ቤት ስመለስ ግን በሩን ክፍት ተውኩት።

ሜሮን ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ ዛሬ ሞቼ ነው የተነሣሁት» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ? ልጁስ?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። የልቡን ምት ቢፈልጉት ቢፈልጉት ጠፋ። አንዷ ሞከረች፣ ሌላ ጠራች፣ እሷም አጣችው፣ እኔ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ከዚያ ድንገት ሮጦ እንደመጣ ሰው ድው ድው ድው አለ። ነርሷ ‹የት ሄደህ ነው አንተ?› ብላ ሳቀችበት።»

«መቼ ነው ይኼ የሆነው?»

«እኔ እንጃ፣ ለምሳ ሊወጡ ሲሉ። ምነው እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው መሬት ላይ የተቀመጥሽው?»

ገብሱን ልልቀም ብዬ ነው አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ያንኑ ተረት በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ከፍቼ ሰምቼዋለሁ፣ ከሽማግሌው ሌላ ድምፅ የለበትም። ሐኪሟም በፖድካስቷ ልጁ ሲገላበጥ ምቱ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል ብላ አስረድታለች፣ እኔ እሷን አምናለሁ፣ እናንተም ስሟት፣ ከጎረቤት ወሬ እሷ ትሻላለች። ሽማግሌውንም ቢሆን አልከለክላችሁም፣ ጨዋታቸው ማር ነው፣ ብቻ ማታ፣ ሰው ሲሞላ ክፈቷቸው።

ሜሮን በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ነው፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ አሁን መዳህ ጀምሯል። እንቅልፉ ሲመጣበት ቀትር ላይ ነው የሚመጣበት፣ ያውም ከባድ እንቅልፍ፣ ትንፋሹ እስኪጠፋ። እኔ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ አንድም ነገር አልከፍትም፣ ከዚያ አላስችለኝ ይልና እጄን እሰዳለሁ።

«ኧረ እማዬ፣ ተይው ይተኛ!» ትለኛለች ሜሮን፣ «ስንት እሹሩሩ ብዬ ያስተኛሁትን ልጅ!»

እውነቷን ነው፣ ሐኪሟም የተኛ ሕፃን ዝም ብሎ አይቀሰቀስም ትላለች። እኔ ግን እቀሰቅሰዋለሁ።