ሁለቱ ዘርጊዎች በጎጀብ መግቢያ

ውድነሽ ጧት ስትነሣ ዝሆኔ አንድ ኮረብታ ሙሉ ሐዲድ አንጥፎ ጠበቃት። እንደ ልማዷ «እንደምን አደርክ?» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» አላት። ዝሆኔ ዘርጊ ነው፤ ዘርጊ ማለት ብረት እያቀለጠ ሐዲድ የሚሠራና በዚያው በሠራው ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ ቤት የሚያህል ማሽን ነው።

በጎን ካለው ሸንተረር ደግሞ የውድነሽ ኩባንያ ተቀናቃኝ የሆነው ድርጅት ዘርጊ፣ ጎሽ፣ ይገሰግሳል። ሁለቱም የሚሽቀዳደሙት ጎጀብ ሸለቆ ውስጥ ወዳለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነው። ባንኩ ለሁለቱም ኩባንያዎች ግማሽ ብድር ሰጥቶ፣ ቀሪውን ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀድሞ ለደረሰ ብቻ እሰጣለሁ ብሏል። የተቀደመው የጭነት መስመሩን ሜዳ ላይ ጥሎ ዕዳውን ታቅፎ ይቀራል። ውድነሽ ለዚህ ሥራ የአባቷን ቤት አስይዛለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ማሽኖች በሁለት ገደሎች መካከል ወዳለው ጠባብ መግቢያ እኩል ደረሱ። ደረሱና ቆሙ።

«ምን ሆንክ? ግባ እንጂ!» ብላ ጮኸች ውድነሽ።

«ጎሽ ይቅደም» አለ ዝሆኔ።

«ኧረ በጭራሽ! አንተ እያለህ?» አለ ጎሽ በድምፅ ማጉያው።

«በሞቴ ግባ!»

«አይሆንም፣ ሞቼ ነው ቆሜ!»

ውድነሽ ራሷን ያዘች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ሽሚያ ነው፤ ይሄን ከየት አመጣው? ዘርጊ ግን የሚማረው ከሚያየውም ጭምር ነው። ሠራተኞቹ በየቀኑ ምሳ ቤቱ በር ላይ «ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ሲገፋፉ ሲያይ ከርሟል። ጎሽም ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ነገር አላየም።

የጎሽ ኃላፊ ኢንጂነር ወንዳፍራሽ ላብ አጥምቆት መጣ። እሱና ውድነሽ ሰላም ተባብለው አያውቁም።

«ወይዘሪት ውድነሽ፣ ያንቺን እዘዢው እንጂ!»

«የእርስዎንስ ማን ከለከለዎት?»

«አዘዝኩት። ነውር ነው አለኝ።»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ፀሐይዋ ግን ወደ ገደሉ ጫፍ ወርዳለች።

«ኢንጂነር፣ እኛ በር ላይ እንዲህ ስንገፋፋ መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ተያይዘን እንገባለና!»

ሐዲድ ደግሞ ሁለት ብረት ነው። መግቢያው አጭር፣ ማውጫውም ከመግቢያው ወዲያ ማዶ ስለነበር፣ ዘርጊዎቹ እንደታዘዙት በግራና በቀኝ ቆመው ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ዝሆኔ የግራውን ብረት፣ ጎሽ የቀኙን እየዘረጉ ማውጫው ጋ የተተከለውን ምልክት ነኩ። በውሉ መሠረት የማሽን ቃል የመጨረሻ ነው፤ ማሽን አይዋሽምና። የባንኩ ታዛቢ ማን እንደቀደመ ጠየቀ።

«እኩል ነን» አለ ዝሆኔ።

«እኩል ነን» አለ ጎሽ።

ታዛቢው ለአለቆቹ ደውሎ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «መስመሩም ገንዘቡም የሁለታችሁ ነው ተብሏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳችሁ ሲከስር ብድራችንን ከየት እናመጣዋለን እያልን እንቅልፍ አጥተን ነው የከረምነው።»

ውድነሽ «እፎይ!» ብላ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። የአባቷ ቤት ተረፈ። ደስታዋ ረገብ ሲል ታብሌቷን ከፈተችና የዝሆኔ ብረት በጥፍር ስፋት ቀድሞ ምልክቱን እንደነካ አየች።

«ዋሽተሃል» አለችው ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ጎሽ በሰው ፊት እንዲያፍር አልፈለግሁም።»

ጣቷ መረጃውን ለባንኩ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ላይ ነበር። ብትነካው ሥራው በሙሉ የእሷ ነው። ወንዳፍራሽ ትንሽ ራቅ ብሎ ለሚስቱ ደውሎ «ተረፍን እኮ!» እያለ ያለቅሳል። ውድነሽ አፈረች። ማሽኑ ሰው ሲሆን፣ እሷ ማሽን ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር። መረጃውን አጠፋችው፤ በደንብ የተነፈሰችውም ያኔ ነው።