የወፊት ዝምታ

በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሦስት ሰው ይኖር ነበር፤ የከተማ አውቶብስ ሾፌር የሆነ አባት፣ ልብስ ሰፊ እናትና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው። ልጅቷ የተማረችውን ሁሉ ለአባቷ ካልደገመች እንቅልፍ አይወስዳትም። አፏ ስለማያርፍ «ወፊት» ይላት ነበር። አቤት ያ ቤት! ምን ጎድሎት ነበር?

ወረርሽኙ ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ትምህርቱ በስልክ ይላካል ቢባልም የቤቱ ብቸኛ ስማርት ስልክ ከአባትየው ጋር አውቶብስ ላይ ይውላል። ወፊት ታዲያ ምን ታድርግ? አንድ ቀን ከእናቷ ተደብቃ፣ መልመጃ ልትገለብጥ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። በሳምንቱ አባቷን ትኩሳት ያዘው፤ ሳል አጣደፈው። ሆስፒታል የገባው በእግሩ ነበር... የወጣው ግን በሬሳ ሣጥን! ዘመድ አልተሰበሰበም፤ ፊቱን ያየው የለም። እናትየው የልጅቷን መውጣት ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ ከቀብር እንደተመለሰች፣ «ከቤት አትውጪ አላልኩሽም? አንቺ ነሽ ያመጣሽብን!» ብላ ጮኸች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቃሉን እናትየው በማግስቱ ረሳችው፤ ልጅቷ ግን ዋጠችው። ከዚያች ቀን ወዲህ ደብተር አልገለጠችም፤ ሲያናግሯት ራሷን ከመነቅነቅ በቀር መልስ የላትም። እናትየው «ሐዘን ነው፣ ይለቃታል» እያለች ስፌቷ ላይ አቀረቀረች።

ከብዙ ወራት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወፊት አራተኛ ክፍል ገባች። አንብቢ ስትባል ፊደሉ ተምታታባት፤ ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ግን ልጆቹ ከወጡ በኋላ በየቀኑ አጠገቧ አስቀምጣ ከሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመረችላት። በሦስተኛው ሳምንት «ሾፌሩ አውቶብሱን አቁሞ ወደ ቤቱ ገባ» የሚል መስመር ላይ ደረሱ። ልጅቷ መጽሐፉን ከደነችው።

«ቲቸር... አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«እማዬ።»

እናትየው ተጠርታ መጣች። ነገሩን ስትሰማ ልጅቷ ፊት ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። «የኔ እናት! አባትሽ ስንቱን ሰው ሲያመላልስ ይውል ነበር! ከማን እንደያዘው ማን ያውቃል? ሐዘን አቅሌን አስቶኝ ነው... አንቺ አላመጣሽውም። ይቅር በይኝ ልጄ!»

ወፊት ለአባቷ ያላፈሰሰችውን እንባ ያኔ አፈሰሰችው። እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ተንሰቀሰቀች። መምህርቷም የራሷን እንባ በጠመኔ በነጣ እጇ ጠረገች።

ንባቡ በአንድ ጊዜ አልተመለሰም፤ አራተኛ ክፍልንም ደገመች። ሞት የወሰደውን አይመልስም፤ ያመለጠ ዓመትም እንዲሁ። ዕጣ ፈንታን ማን ይከሰዋል? ግን ስንት ልጅ ይሆን፣ ጠይቆት የሚያውቅ ሳይኖር፣ የዕጣ ፈንታን ጥፋት በትንሽ ትከሻው ተሸክሞ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ?