የአባባ አስናቀው ቤልጅግ

«ቀጭ!» አለ እንጨቱ። ሰልሰቢል እጇን ከጠብመንጃው ላይ አነሳች፤ የሆነው ግን ሆኗል።

«ተሰበረ እንዴ?» አለ ሀምዱ። የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ የቤት ሥራ ሊገለብጥ መጥቶ የአባቷ አናጺ ቤት በር ላይ ተጎልቷል።

«ዝም በል እስኪ!»

ጠብመንጃው የአባባ አስናቀው ነው። በወጣትነታቸው ኢላማ ተኩሰው የተሸለሙበት አሮጌ ቤልጅግ ሲሆን እሑድ ከእኩዮቻቸው ጋር ሊወዳደሩበት አስበዋል። እንጨቱ ተፈትቶ እንዲጸዳና የተልባ ዘይት እንዲጠጣ ትናንት አመጡት። የሰልሰቢል አባት አብዱልጀሊል ጥይት እንደሌለው ሁለቴ አየና በሽማግሌው ፊት «ይሄን የምትሠራልዎት ልጄ ናት» አለ።

«ሴት ልጅ?»

«እጇን አይተው ይፍረዱ።»

ለመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሁሉ የተነገረላት ያህል ደስ አላት። ዛሬ አባቷ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲወጣ ሥራውን ጀመረች። ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈታች። አጭሩ ከረጅሙ እንዳይምታታባትም እያንዳንዱን ስሙ በተጻፈበት ወረቀት ላይ አስቀመጠች። እስከዚህ ድረስ አባቷም አይነቅፋትም። ከፊት በኩል እንጨቱንና ብረቱን የሚያስረውን ቀለበት ግን ረሳችው። እንጨቱ አልላቀቅ ሲላት በጉልበት ሳበችው። አሁን ከሰደፉ አንገት ላይ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አለ።

ቀለበቱን ፈታች። እንጨቱ በቀላሉ ወጣ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ከውስጥ ጥቁር ነው፤ ይሸታል። በጥፍሯ ብትነካው እንደ ረጠበ ሳሙና ገባላት።

«ምንድነው የሚሸተው?» አለ ሀምዱ አፍንጫውን ይዞ።

«ቅቤ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ በላም ቅቤ እንዳሹት ትናንት እየኮሩ ሲነግሩን ነበር። ከብረቱ ሥር ገብቶ እንጨቱን አበስብሶታል።»

ሀምዱ ተነሳ። ለመሥራት እንጂ ለመምከር ሰንፎ አያውቅም። «በቃ፣ ተገላገልሽ! ቅቤው ሰነጠቀው በያቸው።»

«የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

«ባይበሰብስ ይሰነጠቅ ነበር? ፋራ አትሁኚ! አባትሽ እኮ በሰው ፊት ነው የመሰከረልሽ። ነገ ገበያው ሁሉ ‹የአብዱልጀሊል ልጅ አበላሸችው› ሲል የሚያፍረው እሱ ነው።»

ይሄኛው ነገር ሆዷ ገባ። ፈራች። ሽማግሌው «አላልኩም?» ብለው ጠብመንጃቸውን አንስተው ሲሄዱ፣ አባቷም ሁለተኛ ሥራ ሳይሰጣት ሲቀር ታያት። ኮላው መደርደሪያው ላይ ነው። ቀብታ ብታጥበቀው ለዛሬ ማንም አያውቅም። ግን ቅቤ የጠጣ እንጨት ኮላ አይዝም፤ እሑድ ሲተኩሱበት ጉንጫቸው ሥር ይፈነዳል።

የበሰበሰውን በቢላ መፋቅ ጀመረች። ከሥሩ ደህና እንጨት አለ። ፀሐይ ላይ ቅባቱን ካወጣ በኋላ በወይራ ችንካር ቢያያዝ ከድሮው ይጠነክራል። ሥራውን ታውቀዋለች። ሁለት ሳምንት ግን ይፈጃል።

አባቷና አባባ አስናቀው ተከታትለው ገቡ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። አለቀልኝ ወይ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

«ቅቤው» አለ ሀምዱ በሹክሹክታ።

ሰልሰቢል እንጨቱን አንስታ ስንጥቁን ወደ ብርሃኑ አዞረችላቸው። «አባባ፣ ይሄን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ቀለበቱን ሳልፈታ ሳብኩት። አባቴ እዚህ አልነበረም።»

አብዱልጀሊል ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እሑድስ?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ሳሳ።

«ለእሑድ አይደርስም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አድነዋለሁ ግን፤ በሁለት ሳምንት።» ከዚያ በርጩማውን ጠረገችና አጠገባቸው አስቀመጠችው። «ይቀመጡ አባባ። የኔን ነግሬዎታለሁ፤ አሁን ደግሞ የእርስዎን ልንገርዎት።»