በሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ምንይችል ግራ እጁን በባጃጁ ጎን አውጥቶ የፊቱን መስታወት በአሮጌ ካልሲ ጠረገ። የዝናብ መጥረጊያው ከሰኔ ጀምሮ ታሟል፤ ካልሲው ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ከቲሊሊ በኩል የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ቦግ አደረገባቸው። ምንይችል በአዊኛ ረገመው። ከልቡ ሲናደድ አማርኛ አይበቃውም።

እህቱ እንቁ ከኋላ መቀመጫ ላይ የሥዕል ደብተሯን እንዳቀፈች ድርቅ አለች። ካልሲው ባለፈበት መስታወት ላይ፣ ከመብራቱ መሀል ሁለት የብርሃን ክንዶች ወጥተዋል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሁለቱም ጫፋቸው ጎበጥ ያለ። ታውቃቸዋለች። አምስት ምሽት ሙሉ ስትስላቸው ነበር።

«ወንድምዬ፣ መብራቱ ለምንድን ነው እንዲህ የሚዘረጋው?»

«ካልሲው ነዋ። መስታወት ላይ መስመር ካለ መብራት መስመሩን አቋርጦ ይዘረጋል። ይሄን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። አሥረኛ ክፍል ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

እንቁ የትምህርት ቤቱን ቴሌስኮፕ አሰበች።

ቴሌስኮፑ ለትምህርት ቤታቸው በስጦታ የመጣው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ስጦታ ሲመጣ በሞዴል 19 ደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ ገቢ የሆነ ዕቃ ደግሞ ቁጥር ይጻፍበታል። የንብረት ኮሚቴው ቴሌስኮፑን አገላብጦ አየና ቱቦው ክብ ስለሆነ ለጽሕፈት እንደማይመች ወሰነ። ለጥ ያለ ቦታ የተገኘው ከፊት ነው። ነጭ የዘይት ቀለም መጣ፤ ሌንሱ ላይ 0147 ተብሎ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተጻፈ። ቃለ ጉባኤም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ስቶር ገብቶ ተቀመጠ።

ዘንድሮ ጅራታሙ ኮከብ መጣ። የፊዚክስ አስተማሪያቸው መምህር ይሄነው ቴሌስኮፑ ከስቶር እንዲወጣ በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ አንደኛውን ደብዳቤ ጻፉ፤ ርዕሰ መምህሩም «ለዳንግላው የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ውጤት ካመጣችሁ ይቆያል፤ ካላመጣችሁ ይመለሳል» ብለው ፈረሙ። የስቶር ኃላፊዋ እትዬ ስሜነሽ ዕቃን እንደቆሸሸ ማስረከብ ነውር ስለሆነባቸው ቁጥሩን በቤንዚን አስለቀቁት። ቤንዚኑ ያልወሰደውን በአመድ ፈተጉት። «እንደ ሠርግ ድስት አድርጌ ሰጠኋችሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያንጸባርቅ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት፣ የዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆመው፣ እንቁ ዓይኗን ስታስጠጋ የጅራታሙ ራስ ሁለት ክንድ ነበረው። መምህር ይሄነው ደጋግመው አዩት። «ጄት ይባላል። ራሱ በረዶና አቧራ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ይተንና፣ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ፣ ጋዝና አቧራ ይተኩሳል።» እንቁ ሳለችው። በማግስቱ ሥዕሉ በፍሬም ሆኖ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰቀለ፤ በቴሌግራምም «ተማሪያችን የጅራታም ኮከብ ጄት ተመለከተች» ተባለ። አባቷ ለሰንበቴ ጓደኞቹ ልጁ ጄት እንዳየች ነገራቸው። ወዴት እንደሚበር ጠየቁት።

«ደረስሽ» አለ ምንይችል።

ዝናቡ አባርቷል። አፋፉ ላይ መምህር ይሄነውና የክፍል ጓደኛዋ ፀጋው ቴሌስኮፑን ተክለው ይጠብቃሉ። በስተምዕራብ፣ ከከሰል አክሳዮቹ ጭስና ከደመናው መሀል፣ መዳፍ የምታህል ጥርት ያለች ሰማይ ቀርታለች። ጅራታሙ እዚያች ውስጥ ነበር፤ ከእሱ በስተግራ ደግሞ ቬነስ።

እንቁ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ቴሌስኮፑን ወደ ቬነስ አዞረች። ቬነስም ሁለት ክንድ አወጣች።

ደብተሯን ገልጣ ሳለቻት። ከዚያ ወደ ጅራታሙ መለሰችና ቱቦውን የያዘውን ብሎን አላልታ፣ ቱቦውን ባለበት ቀስ ብላ አሽከረከረችው። ሰማይ ላይ ያለ ነገር፣ ሰው ቱቦ ስላዞረ አይዞርም። ክንዶቹ ግን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ተከተሏት፤ ቆመው የነበሩት ጋደም አሉ። ይህንንም ሳለች።

«ቲቸር፣ ይዩት እስኪ።»

መምህር ይሄነው አላጎነበሱም። ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «በሁለተኛው ምሽት እኔም አዙሬዋለሁ» አሉ።

ፀጋው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። «ምንድን ነው? ምን ሆነ?»

«ጄት አይደለም» አለች እንቁ። «የእትዬ ስሜነሽ አመድ ነው።»

ፀጋው ትንሽ አሰበ። «እና ማን ያውቃል? ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ የስፖርት መምህራን ናቸው።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱ ምሳ ሰዓት እንዳያልፍበት ነው የሚጨነቀው። እንቁዬ፣ በናትሽ አታካብጂ።»

«ቲቸር፣ ሌንሱን ብናጸዳውስ?»

«ቆሻሻ ቢሆን መች እተወው ነበር? ተጭሯል።» መምህር ይሄነው መሬት መሬት እያዩ ቀጠሉ። «ሰባት ዓመት ለምኜ ነው ያወጣሁት። ነገ ውጤት የለንም ካልን ሰኞ ስቶር ይገባል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አይወጣም።»

«እውነተኛው ጄትስ? የለም ማለት ነው?»

«ይኖራል እንጂ። ይሄኔ እየተኮሰ ነው። በዚህ መስታወት ግን አናየውም፤ ኮከቡም ተመልሶ የሚመጣው እኛም የልጅ ልጆቻችንም ካለቅን በኋላ ነው።»

ደመናው ያችን መዳፍ ጨበጣት። ከታች ሐይቁ ጠቆረ። ሦስቱም ዕቃውን ሸከፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳንግላ ላይ ርዕሰ መምህሩ ከረባት አስረው መጡ። አዳራሹ ውስጥ ፀጋው በፍሬም የተሰቀለውን ሥዕል በሸንበቆ እየጠቆመ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያስረዳል፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ብቻ የጄቱ ርዝመት ሁለት ጊዜ አድጓል። ዳኞቹ ሁለት ጠረጴዛ ወዲያ ናቸው። የጫግኒ ልጆች ከቆርቆሮ የሠሩትን የበቆሎ መፈልፈያ እያሽከረከሩላቸው ነው።

እንቁ ከደብተሯ ሁለት ገጽ ቀደደች። አንዱን ከፍሬሙ በስተቀኝ፣ ሌላውን በስተግራ በእስፒል ሰካቻቸው። ሁለት ክንድ ያላት ቬነስ። ክንዶቹ የተጋደሙ ጅራታም።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ፀጋው በሹክሹክታ። ሸንበቆው አየር ላይ ቀረ። «ያልቅልናል'ኮ።»

«አውቃለሁ።»

መምህር ይሄነው ሦስቱን ሥዕሎች ተራ በተራ አዩ። አልተቆጡም፤ አላመሰገኑም። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር የቴሌስኮፑን ሳጥን ጎተቱና ክዳኑን ከፈቱ፤ የተጫረው ሌንስ ታየ።

ዳኞቹ እየመጡ ነው። እንቁ እርሳሷን አወጣች። ከቬነስ ሥር ቀኑን ጻፈች፤ ከቀኑ ሥር «በዚያው ሌንስ» የሚል አከለችበት፤ ከዚያ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች።