በስልክ የማይነገር

የእህቴ ባል ጎማ ማከፋፈያው ውስጥ ሲቀጥረኝ «ስምንተኛ ክፍል ላይ ለቆመ ሰው መጋዘን ይበቃዋል» አለ። እራት ላይ፣ እህቴ እየሰማች። አልረሳሁትም።

ለደንበኛ ኢሜይል የምንልከው ሁላችንም በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ገንዘብ ያዧ ስክሪኗ ላይ በፕላስተር ለጥፋዋለች፤ ጎማ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያነበዋል። አንድ ቀን በድርጅቱ ስም የማጭበርበሪያ መልእክት ለደንበኞች ተበተነ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ።

የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠራች። ሌላውን እንደጠየቀችው እኔንም «እርስዎ» ብላ ጠየቀችኝ። አመሻሹን ሁሉ ድምጿ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ኮምፒውተር አልልክም አለኝ። ዋናው ቢሮ ብደውል ጸሐፊዋ «ለእኛማ አዲስ የይለፍ ቃል ተሰጥቶናል» አለች። ገባኝ፤ ተባርሬያለሁ። ስልኬን ዘግቼ ሹራቤን በፌስታል ስከት ባለሙያዋ ዝናብ እያንጠባጠበች ገባች።

«ስልክ ለምን ይዘጋሉ?»

«ለተባረረ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?»

«ማን አባረረዎት?»

«የእህቴ ባል ነዋ። ኮምፒውተሩ እንኳ ሰምቷል።»

ሳቋ አመለጣት። «የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ነው። የእርስዎን ይዤ መጣሁ።»

«በዚህ ዝናብ? በስልክ አይነግሩኝም?»

«በስልክ አይነገርም።»

«ሾፌሩን ቢልኩትስ?»

«ሾፌሩስ ለምን ይሰማል? የእርስዎ አይደል እንዴ?»

የእርስዎ። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም፤ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። «ይኼ መግቢያ ብቻ ነው። አሁን በራስዎ ይቀይሩት፤ ረዘም ይበል። ለማንም አይናገሩ።»

«ለእርስዎም?»

«ለእኔም» ብላ ወደ ጎማዎቹ ዞረች።

ሰው ፊቱን ሲያዞርብኝ ነው የኖርኩት። እንዲህ ስለ ክብሬ የዞረልኝ ግን አልነበረም። ያቺ ቅጽበት እንዳታልቅብኝ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ።

«ጨረስኩ።»

«ለሙከራ ለእኔ ይላኩ።»

በአፌ የማልደፍረውን ጽፌ ላክሁ። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አነበበች። ደግማ አነበበችው።

«ደርሷል» አለች፣ ሳትዞር። «ለምሳ ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?»

በሠርጋችን ዕለት የእህቴ ባል «እኔ ባልጠራት ኖሮ» እያለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ይበል። እውነቱን ነው፤ በልቤ አመስግኜዋለሁ። ለእሱ ግን አልነግረውም።